ነፋስና ፍሬ

በዚህ መጽሔት ስለ ፍቅር ተጽፏል፤ ስለ ታሪክ ተጽፏል፤ ስለ ተማሮች ምግብ ቤት ወጥ መቅጠንም ሳይታክቱ የጻፉ ወንድሞች አሉ። ስለ ነፋስ ግን እስካሁን የጻፈ አላየንም። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሮች ስለ ሆንን «ነፋስማ የእናንተ ሙያ ነው፤ ከወሬ ሌላ ምን ትማራላችሁ!» የሚሉን የምሕንድስና ባልንጀሮች እንደማይጠፉ እናውቃለን። ቀልዱን በደስታ ተቀብለናል። ዛሬ የምንናገረው ግን ፍሬን ስለሚያነሣውና ስለሚጥለው፣ እርጥቡን ስለሚያደርቀው፣ ከዚያም አልፎ ከሰው ደረት ውስጥ ስለሚገባው ነፋስ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነውን በአጭሩ እንናገር። እኛ ከሳንጃና ከአካባቢዋ የመጣን ጥቂት ተማሮች ለአገር ቤት የሚጠቅም አንድ ነገር ለማድረግ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ብር እናዋጣለን። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሐሳቡ ግን ትልቅ ነው። በዚህ ዓመት ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ለሳንጃ ሰሊጥ የሚዞር ማድረቂያ መኪና እንዲመጣ አቤቱታ እንጻፍ፤ ያለንንም ገንዘብ ለመነሻ እናድርገው» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ይህ መኪና ማዳበሪያ፣ ስኳርና ማዕድን በሚያደርቁ ፋብሪካዎች ዘንድ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። አንድ ትልቅ የብረት በርሜል ተጋድሞ ቀስ እያለ ይዞራል፤ በሆዱም ውስጥ ትኩስ አየር ይነዳበታል። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ ልብም ይማርካል። ሆኖም ለአገር ሰው ስም አቤቱታ የሚጽፍ ሰው የሚጠይቀውን ነገር ማወቅ ይገባዋልና «ፍሬው በበርሜሉ ውስጥ እንዴት ይጓዛል? አየሩስ ፍሬውን ምን ያደርገዋል?» ብለን መጻሕፍት ቤት ገባን፤ የምሕንድስና ወንድሞቻችንንም ደጅ ጠናን። ያገኘነውን እነሆ ለአንባብያን እናካፍላለን።

አስቀድመን ስለ ቦታውና ስለ እህሉ። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። ከደጋ ወርዶ የመጣውን እንግዳ ከሰው በፊት የሚቀበለው ሙቀቷ ነው። ከእርስዋ ወዲያ እስከ መተማና እስከ ሱዳን ጠረፍ የተዘረጋው ቆላ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት፣ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ከጎጃም፣ ከደጋው ጎንደርና ከሌላም አገር ብዙ ወጣት ለአጨዳ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። የአገሩ ሰው እነዚህን ወቅት ጠብቀው የሚመጡትን ሠራተኞች ሳሉግ ይላቸዋል።

ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው እህል ነው። ፍሬውን የያዙት ከረጢቶች ከግንዱ ሥር ጀምረው ወደ ላይ በተራ ይበስላሉ፤ የታችኞቹ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የላይኞቹ ገና አረንጓዴ ናቸው። ገበሬው የላዩን እስኪደርስ ቢጠብቅ የታቹ መሬት ላይ ይረግፍበታል። ስለዚህ ገና ከነእርጥበቱ ያጭደዋል፤ በነዶ ያስረዋል፤ ነዶዎቹንም አቁሞ እርስ በርሳቸው ያስደግፋቸዋል። ይህን አቋቋም የቆላው ሰው ሂላ ይለዋል። ሂላው ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል በፀሐይና በነፋስ ይቆማል። በደረቀ ጊዜ ነዶው በሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። በሸራው ላይ የሚወድቀው ግን ሰሊጥ ብቻ አይደለም። የደረቀ ቅጠል፣ የከረጢት ስባሪ፣ አፈርና ትቢያ አብሮት ይወርዳል። አንድ ሺህ የሰሊጥ ፍሬ ቢመዘን ሦስት ግራም ገደማ ነው። እንዲህ ቀላል የሆነውን ፍሬ ከእርሱ ይበልጥ ከሚቀለው እብቅ የሚለየው ዳኛ ነፋስ ነው።

አምና በኅዳር የአንዳችንን አባት ለመጠየቅ ወደ ሳንጃ ወርደን ነበር። እኚህ አባት ከአውድማው ዳር ቆመው በላይዳ ሰሊጡን ወደ ላይ ሲበትኑ አገኘናቸው። ላይዳው ሙሉ አልነበረም፤ ከግማሽም አያልፍ። እኛም ከተማ እንደ ለመደ ሰው ቸኩለን «አባባ፣ ላይዳውን ሞልተው ቢያነሡት ሥራው አይፈጥንልዎትም?» አልናቸው።

«አይፈጥንም፣ ልጆቼ» አሉን፤ «ሞልቼ ባነሣው አንዱ ፍሬ ለሌላው ግድግዳ ይሆነዋል። ነፋሱ ከዳር ከዳሩ ያለውን ይወስድና ከመካከል ያለው ከነእብቁ ይወድቃል። ሳሳ አድርጎ መበተን ነው፤ ነፋሱ በመካከሉ ይለፍ።»

«ከፍ አድርገው የሚጥሉትስ ለምንድን ነው?»

«ዝቅ ብሎ የወደቀ ነፋሱን ሳያገኘው መሬት ይደርሳላ!»

«እንግዲያ ነፋሱ እየበረታ ቢሄድ ይሻልዎታል ማለት ነው?»

ሳቁብን። «ሲበረታማ ቆም ነው፤ ላይዳውን አስቀምጦ መጠበቅ ነው። የበረታ ነፋስ እብቁን ወስዶ አይጠግብም፤ ቀጫጫውንም ፍሬ ይዞት ይሄዳል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ክብደት የለው።»

ከዚህ ንግግር ሦስት ቁም ነገር እናወጣለን። ፍሬው ሳሳ ብሎ መውደቅ አለበት፤ ከፍ ብሎ መውደቅ አለበት፤ ነፋሱም ልክ ሊኖረው ይገባል። አንባቢ እነዚህን ሦስቱን በልቡ ይያዝልን፤ ከበርሜሉ ውስጥ ስንገባ እንደገና እናገኛቸዋለን።

ነፋስ ለምን ቀላሉን መርጦ ይወስዳል? ነፋስ አንድን ነገር የሚገፋው በፊቱ ስፋት ልክ ነው፤ ምድር ወደ ታች የምትስበው ግን በክብደቱ ልክ ነው። ሁለት ድብልብል ፍሬዎች አሉ እንበል፤ አንደኛው በወርዱ የሁለተኛው ግማሽ ነው። ለነፋስ የሚሰጠው ፊት የትልቁ ሩብ ይሆናል፤ ክብደቱ ግን የትልቁ አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ክብደቱ ከፊቱ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያንስ ትንሹ ፍሬ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን የሚደርስበት ግፊት ይበልጣል። እብቁ ደግሞ ሰፊ ፊትና ባዶ ሆድ ያለው ስለ ሆነ ያለ ክርክር ይሄዳል። በጣም ደቃቅ ለሆነው ትቢያ ነገሩ ይብሳል። በኬምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ጋብርኤል ስቶክስ በ1851 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥሌት መሠረት፣ የደቃቅ ትቢያ ወርድ በግማሽ ቢያንስ በጸጥተኛ አየር ውስጥ የሚወድቅበት ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ጠጠሩ ወዲያው መሬት ሲመታ ትቢያው ቆይቶ የሚንሳፈፈው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ በርሜሉ እንግባ። በርሜሉ ሲጋደም አንደኛው ጫፉ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ የወርዱን ከ4 እስከ 10 እጥፍ ያህል ነው። በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይዞራል። በውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ አካፋ አፍ የጎበጡ የብረት ክንፎች ተያይዘውበታል። እነዚህ ክንፎች ከታች የተኛውን ፍሬ ዝቀው ወደ ላይ ያወጡታል፤ ከላይ ሲደርሱ ቀስ በቀስ ያፈሱታል፤ ፍሬውም እንደ ዝናብ እየወረደ በትኩሱ አየር መካከል ያልፋል። በርሜሉ ያዘነበለ ስለ ሆነ የሚወድቀው ከተነሣበት ቦታ ትንሽ ወደፊት አልፎ ነው። እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ይወድቃል። በዚህ ዓይነት ከላይኛው አፍ የገባው በብዙ መውጣትና መውረድ በታችኛው አፍ ይወጣል። አየር ባይኖርበት ኖሮ የፍሬው ቆይታ በዋናነት የሚወሰነው በበርሜሉ ርዝመትና ወርድ፣ በማዘንበሉና በሚዞርበት ፍጥነት ነበር።

አየሩ ግን ዝም ብሎ የሚያደርቅ አገልጋይ አይደለም፤ ፍሬው በሚወድቅበት ጊዜ ሁሉ ይገፋዋል። አየሩ ከፍሬው ጋር በአንድ አቅጣጫ የተነዳ እንደ ሆነ እያንዳንዱ አወዳደቅ ወደፊት ይረዝማል፤ ፍሬውም ቶሎ ይወጣል። አየሩ ከታች ወደ ላይ፣ በፍሬው ፊት ለፊት የተነዳ እንደ ሆነ ደግሞ እያንዳንዱ አወዳደቅ ያጥራል፤ ፍሬው በበርሜሉ ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ በውስጡም የሚጠራቀመው እህል ይበዛል። አየሩን ከዚህም አልፈው ቢያበረቱት ደቃቁ ወደ ኋላ ተነድቶ ከአየሩ ጋር በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ወደ ታችኛው አፍ መቼም አይደርስም። የሳንጃው አባት «ሲበረታማ ቆም ነው» ያሉት ይህንኑ ነው።

ፍሪድማንና ማርሻል የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ነገር ለክተው በቀመር አስቀምጠውታል። እንደ እነርሱ አባባል አየሩ የፍሬውን ቆይታ የሚያሳጥርበት ወይም የሚያስረዝምበት መጠን፣ ከሚገባው እህል ጋር ሲነጻጸር የሚነፋው አየር በበዛ ልክ ያድጋል። የፍሬውም ወርድ ባነሰ ጊዜ ያድጋል። በቀመራቸው ወርዱ ግማሽ ሚሊሜትር በሆነ ስባሪ ላይ የአየሩ ሥራ ወርዱ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ፍሬ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በአንድ አፍ አብረው የገቡ ትልቅና ትንሽ አብረው አይወጡም ማለት ነው። አየሩ ፊት ለፊት ከመጣ ትንሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በባሕርዩ ቶሎ የሚደርቀው እርሱ ሆኖ ሳለ ብዙ የሚቆየውም እርሱ ስለሚሆን ከመጠን በላይ ይደርቃል። አየሩ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ግን ትንሹ ቀድሞ ይወጣል፤ ትልቁም ለመድረቅ የሚበቃ ጊዜ ያገኛል።

በሙቀቱም በኩል ምርጫው ቀላል አይደለም። በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ በጣም ትኩስ የሆነው አየር የሚያገኘው ገና እርጥብ የሆነውን ፍሬ ነው፤ እርጥበቱ እየተነነ ስለሚያቀዘቅዘውም ፍሬው አይቃጠልም። ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ትኩሱ አየር የሚያገኘው ሊወጣ የደረሰውን ደረቅ ፍሬ ነው። እንዲህ ሲሆን እህሉ ይበልጥ ይደርቃል፤ የመቃጠሉም አደጋ ይበልጣል። መሐንዲሱ የነፋሱን አቅጣጫ ሲመርጥ ስለ ጉዞም፣ ስለ ድርቀትም፣ ስለ ቃጠሎም በአንድ ጊዜ መወሰኑ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የገረመን የመጋረጃው ነገር ነው። ክንፎቹ ፍሬውን ሲያፈሱት የሚወርደው ፍሬ መጋረጃ ይመስላል። መጋረጃው ጥቅጥቅ ያለ እንደ ሆነ አየሩ በውስጡ ማለፍን ትቶ ክፍት ወደ ሆነው ወገን ይዞራል፤ ውኃ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚዞር ያለ ነው። በመጋረጃው መካከል ያለው ፍሬ በጎረቤቶቹ ተከልሎ አይደርቅም፤ አይገፋምም። ስለ አንድ ብቸኛ ፍሬ የተሠራ ሒሳብ በመንጋ ለሚወድቁት ሳይሠራ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ክንፉ ሁሉን በአንድ ጊዜ እንዳይደፋ፣ ቀስ እያለ በበርሜሉ ወርድ ላይ እንዲያዳርስ አድርገው ያጎብጡታል፤ በርሜሉንም አይሞሉትም፤ በውስጡ የሚገኘው እህል ብዙውን ጊዜ ከሆዱ ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉን ብቻ ይይዛል። «አንዱ ፍሬ ለሌላው ግድግዳ ይሆነዋል» የሚለው ቃል በመጻሕፍት ቤታችን መደርደሪያ ላይ በሌላ ቋንቋና በቁጥር ተጽፎ ተቀምጧል።

ይህን ስንል የገበሬው ላይዳና የመሐንዲሱ ቀመር እኩል ናቸው ማለታችን አይደለም። አባባ ነፋሱን ያውቁታል፤ አያዙትም። እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ሲበረታም ይጠብቃሉ። መሐንዲሱ ግን ለክቶ ያውቀዋልና ያዝዘዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትንሽ ልዩነትም አይደለም። ነገር ግን ገበሬው ዕውቀት የለውም፤ ዕውቀት የሚመጣለት በመርከብ ተጭኖ ነው የሚል ተማሪ ቢኖር ከአማርኛው ጋር ይጣላል። አንድን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቀውን ሰው «አበጥሮ ያውቃል» እንላለን። ማበጠር የሰፌድ ሥራ ነው። ወንፊት የሚለው ስም ነፋ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ግሡም ዱቄት መንፋትን ከአየር መንፋት ጋር በአንድ ቃል ይዟል። እናቶቻችን በሰፌድ ያበጥራሉ፤ ያንጓልላሉ፤ ለእያንዳንዱ እጅ አጣጣል ስም አላቸው። ቋንቋችን ስለ ዕውቀት ለመናገር ሲሻ ምሳሌውን ከአውድማና ከሰፌድ ወስዷል። የአርትስ ተማሪ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚያገባው ነገር ካለ አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ አቤቱታው ጉዳይ እንመለስ። የሚዞረው በርሜል ለሳንጃ ይጠቅማል ወይ? በእኛ አስተያየት ለሰሊጥ አይጠቅምም። ምክንያታችን እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ ሰሊጥ ሳይበላሽ እንዲቀመጥ እርጥበቱ ከመቶ 6 እስከ 8 ያህል ሊወርድ ይገባል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የቆላው ፀሐይና ደረቅ አየር ይህን በሂላው ላይ ያለ ክፍያ ያደርጉታል። ፀሐይ በነፃ የሚሠራውን ሥራ ነዳጅ ገዝቶ ማሠራት ሀብታምን እንኳ ያስተቻል። ሁለተኛ፣ እርጥብ የሆነው ነዶው ነው፤ በርሜሉ ነዶ አይቀበልም፤ ፍሬው ከነዶው ሲራገፍ ደግሞ አብዛኛው እርጥበት ሄዷል። ሦስተኛ፣ የሰሊጥ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለ ሆነ ሙቀት ሲበዛበት ይጎዳል፤ ቀላል ስለ ሆነም በርሜሉን የሚነዳው አየር ጥቂት ቢያይል በጭስ ማውጫው የሚወጣው የገበሬው ሀብት ነው። ዝናብ ዘግይቶ ሂላውን የሚያረጥብበት ዓመት መኖሩን አንክድም። ለዚያ ግን ነዶ የሚሸፍን ሸራ ከበርሜል ይረክሳል።

የሳንጃ ገበሬ የሚቸገረው በማድረቅ ሳይሆን በማጥራትና በመጠበቅ ነው። ሰሊጥ ለገበያ በደረጃ ሲመደብ አብሮት የተገኘው ባዕድ ነገር በመቶኛ ይቆጠርበታል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ሰሊጥን በደረጃ ከሚያገበያዩት ነው። ጠጠሩና እብቁ የሚቀንሱት ዋጋ መጨረሻ የሚያርፈው በአምራቹ ላይ ነው። በትልልቅ ማበጠሪያ ቤቶች ይህ ሥራ በመኪና ይሠራል፤ ከወንፊቶቹ ጋር የሚንቀጠቀጥ ሠንጠረዥ አለ፤ ከሥሩ አየር እየተነፋ ቀላሉን ያንሳፍፈዋል፤ ከባዱን ያስቀረዋል። በአውድማው ላይ ግን ገበሬው ነፋስ ጠባቂ ሆኖ ይውላል፤ ነፋስ በጠፋበት ቀን የሠራተኛው ምግብና ደሞዝ አይቆምለትም።

ከበርሜል በፊት መምጣት ያለበት ነፋስን በእጅ የሚያስነሣ ሣጥን ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቻይናውያን ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ሠርተውበታል፤ ወደ አውሮፓ የገባው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በእንጨት ሣጥን ውስጥ መዘውር የሚዞር ማራገቢያ ይደረጋል። ከላይ እህሉ የሚፈስበት አፍ አለ፤ አፉ ጠባብ ስለ ሆነ እህሉ ሳሳ ብሎ ይወርዳል። ማራገቢያው ከጎን ይነፋዋል፤ ፍሬው በቅርብ ይወድቃል፤ እብቁ በሩቁ አፍ ይወጣል። መዘውሩን የያዘው እጅ ነፋሱን ያበረታል፤ ያለዝባል። የአባባ ሦስት ቁም ነገሮች፣ ማለት ሳሳ ማድረግ፣ ከፍ ማድረግና ልክ ማወቅ፣ በዚህ ሣጥን ውስጥ ሦስቱም አሉ። ጣውላ፣ ቆርቆሮና ጥቂት ብረት ካለ የጎንደር አናጢ ይሠራዋል። እኛ ባዋጣነው ገንዘብም ቢያንስ አንዱን መሞከር ይቻላል።

ነገር ግን አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም ከሁሉ የሚከብደን ነው። አየር የወሰደው ነገር የሆነ ቦታ ይደርሳል። ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ናቸው። በ1984 እ.ኤ.አ. ማምረት እንደ ጀመረው እንደ ሙገር ባለ ፋብሪካ የሲሚንቶው ጥሬ ዕቃ የሚቃጠልበት ረጅም የሚዞር ምድጃ የማድረቂያው በርሜል የቅርብ ዘመድ ነው። እርሱም አዘንብሎ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ትኩሱ ጋዝ ፊት ለፊት ይመጣበታል፤ ደቃቁን ትቢያ እያነሣ ይወስደዋል። ስለዚህ በጭስ ማውጫው መንገድ ላይ ትቢያ መያዣ ይደረጋል። አንዱ ዓይነት እንደ ማንቆርቆሪያ የሾጠጠ ዕቃ ነው፤ አየሩ በውስጡ እንደ ዐውሎ ሲዞር ትቢያው ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ወደ ሥር ይወርዳል። ሌላው ጨርቅ ነው፤ አየሩን አሳልፎ ትቢያውን ያስቀራል። የተያዘው ትቢያ ሀብት ስለ ሆነ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ባይያዝ ደግሞ በአካባቢው ሰው ጣራና ደረት ላይ ያርፋል።

በአውድማው ላይ ትቢያ መያዣ ማን ነው? ባየነው አውድማ ላይ አንድ ወጣት መጥረጊያ ይዞ፣ ፎጣውን በአፉና በአፍንጫው ላይ አስሮ፣ ከክምሩ ላይ የወደቀውን ስባሪ ይጠርግ ነበር። የቆመው ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ነው። እብቁና ትቢያው በፊቱ ላይ ያርፉ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፤ ያስለዋል። በዕድሜ ከእኛ ታናሽ ነው። ከወዴት እንደ መጣ ጠየቅነው፤ ከበለሳ አለን።

«ወንድማችን፣ ከወዲያኛው ወገን ሆነህ ብትጠርግ አይሻልህም?» አልነው።

«ከወዲያ ያሉት የቆዩት ናቸው» አለን፤ «እኔ የመጣሁት ትናንት ነው።»

ማንም ክፉ ሰው እዚያ አልነበረም። አባባ በእራት ጊዜ ለዚያ ልጅ ከሌሎቹ አስቀድመው እንጀራ ሲቆርሱለት አይተናል። ሆኖም የአውድማው ሥርዓት እንዲህ ነው፤ የቆየው ነፋሱን በጀርባው ያደርገዋል፤ አዲሱ በፊቱ ይቀበለዋል። ላይዳ መያዝ ያልደረሰው መጥረጊያ ይይዛል። ትቢያ የጠገበ ደረት የሚያመጣው ሳል ደግሞ አጨዳው ሲያልቅ አብሮ አያልቅም፤ ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ አገሩ ሲሄድ ተከትሎት ይሄዳል። በሰሊጡ የደረጃ ወረቀት ላይ ለዚህ የተመደበ መቶኛ የለም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህን ነው። ለሳንጃ የሚታሰብ ማንኛውም መኪና፣ ትልቁ በርሜል ይሁን ትንሹ ሣጥን፣ በሁለት ጥያቄ ይመርመር። አየሩ ፍሬውን ወዴት ይወስደዋል? ትቢያውንስ በማን ላይ ይጥለዋል? የመጀመሪያውን ጥያቄ መሐንዲሶች ከብዙ ዘመን ጀምረው ሲመልሱት ቆይተዋል፤ መልሳቸውም የሚያስመሰግን ነው። ሁለተኛውን ለመጠየቅ ግን መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ከነፋሱ ወዲያ ማን እንደ ቆመ ማየት ይበቃል። ሣጥኑ እስኪሠራም ድረስ ነገ ሊደረግ የሚችል አለ፤ ነፋሱ ሲዞር ጠራጊው አብሮ ይዙር፤ በነፋሱ ፊት የመቆሙ ሥራ በአንድ ልጅ ላይ ሳይሆን በሁሉም ላይ በተራ ይውደቅ። ይህን ለማድረግ ብርም ብረትም አያስፈልግም። በሚቀጥለው መስከረም ወደ አገር ቤት የሚወርድ የቆላ ልጅ ሁሉ ለአባቱና ለአጎቱ ይህን እንዲነግር አደራ እንላለን።

የእጅ ማራገቢያውን ሣጥን ልክና ሥዕል ሊያወጣልን ፈቃደኛ የሆነ የምሕንድስና ተማሪ ያለ እንደ ሆነ ስሙን በተማሮች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ይተውልን። ስለ ወሬ ነፋስ የቀለደብንም ቢሆን ቂም አንይዝበትም። ሲሥለው ግን እብቁ የሚወጣበት አፍ ጨርቅ ይኑረው፤ ከሰውም ፊት ይራቅልን።